መታ መታ

በጁጂትሱ ትግል ልምምድ ላይ አዲሷ ልጅ የድንቡሼን ክንድ በጭኖቿ መሃል ቆልፋ ወደ ደረቷ ሳበችው። ድንቡሼ በነጻ እጇ እግሯን መታ መታ አደረገቻት።

«ጎሽ» እያለችኝ ነው፣ አለች አዲሷ በሆዷ። ደስ አላት። ጨምራ ሳበች።

መታ መታ መታ።

አሁንም ጨመረች። ድንቡሼ ጮኸች።

አሰልጣኙ በየት በኩል እንደደረሰ አይታወቅም፣ አዲሷን ከወገቧ ይዞ ብድግ አደረጋት። ድንቡሼ ክርኗን አቅፋ ታለቅሳለች።

«ታፕ ስታደርግልሽ ለምን አለቀቅሻትም?»

«ታፕ ምንድን ነው?»

ፍራሹ ላይ ያለው ሁሉ ዞሮ አያት።

«መታ መታው ነዋ! ተሸነፍኩ፣ ልቀቂኝ ማለት ነው። ጁጂትሱ ውስጥ ከሁሉ በፊት የምንማረው ቃል እሱ ነው!»

አዲሷ ያ ቃል በተነገረበት በመጀመሪያው የልምምድ ቀን አልነበረችም። ቃላቱን የጠየቀችው ከቆዩት ልጆች አንዷን፣ ቀጮን ነው። ጋርድ፣ በጀርባ ተኝቶ ተጋጣሚን በእግር መሃል መያዝ። ማውንት፣ ሆዱ ላይ ቁጭ ማለት። ሁለቱንም በትክክል ነገረቻት። «መታ መታውስ?» ስትላት ግን ቀጮ ፈገግ ብላ «ጎሽ፣ በርቺ ማለት ነው» አለቻት። ለምን አታምን? እናቷም ጎበዝ ስትላት ጀርባዋን መታ መታ ነው የምታደርጋት።

«ማነው እንደዚህ ብሎ ያስተማረሽ?» አለ አሰልጣኙ።

ቀጮ ቀበቶዋን ፈትታ እንደገና ታስራለች። ቀና አላለችም። የአዲሷ እናት ሥራ ቀይራ እዚህ ሰፈር ከገቡ ሁለት ወር ሆናቸው፤ በነዚህ ሁለት ወራት አዲሷን በራሷ ጊዜ ያናገረቻት ቀጮ ብቻ ናት።

«ማንም» አለች አዲሷ።

ከዚያ ወዲያ አብሯት የሚታገል ጠፋ። ገና ከበር ስትገባ «ሰባሪዋ መጣች፣ ክንዳችሁን ደብቁ» ይላሉ። አሰልጣኙ ለብቻዋ ሽሪምፕ እንድትሠራ አዘዛት። ሽሪምፕ በጎን ተኝቶ፣ ወገብን ወደ ኋላ እየገፉ ከያዘ ሰው ማምለጥ ነው። ከዚህ ግድግዳ እስከዚያ ግድግዳ ስታመልጥ ሁለት ሳምንት አለፈ። የያዛት ሰው ግን አልነበረም።

እናቷ ከሥራ ቦታ ትደውላለች።

«ጓደኛ አገኘሽ የኔ ልጅ?»

«አዎ እማ።»

በሦስተኛው ሳምንት ድንቡሼ ክርኗን በፋሻ ጠቅልላ መጣች።

«ዛሬ ቀስ ብለን» አለ አሰልጣኙ። «ጥንድ ጥንድ ሁኑ።»

ቀጮ ወደ አዲሷ ጠጋ አለች። «ነይ፣ እኔና አንቺ እንሁን» አለቻት በሹክሹክታ። «ሙድ ልይዝብሽ ብዬ እኮ ነው። እንደዛ ትጎትቻታለሽ ብዬ መች አሰብኩ? ደግሞ ስላልለፈለፍሽ አሪፍ ነሽ። ስንወጣ አብረን እንሄዳለን፣ እሺ?»

አብረን እንሄዳለን። ከሁለት ወር በላይ ይህን የሚላት ሰው ስትጠብቅ ነበር።

«መጀመሪያ ንገሪያት» አለች አዲሷ።

«ማንን?»

«ድንቡሼን።»

«አብደሻል? ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ጓደኛዬ ናት! ሁለተኛ አታናግረኝም።»

አዲሷ ወደ ድንቡሼ ዞረች።

«ልትነግሪብኝ ነው?» አለች ቀጮ።

«አልነግርብሽም። ግን ካንቺ ጋር አልሆንም።»

«እና ከማን ጋር ልትሆኚ ነው? ከግድግዳው ጋር?»

ድንቡሼ ጥግ ላይ ብቻዋን ቆማለች፤ ያንን ክንድ ለመንካት ሁሉም ፈርቷል። አዲሷ ፍራሹን አቋርጣ ሄደች። ድንቡሼ ስታያት አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች።

አዲሷ እፊቷ በጀርባዋ ተኛችና ክንዷን ዘረጋችላት።

«አንቺ ያዢኝ» አለች። «መታ መታ የማደርገው እኔ ነኝ።»