የወላጆች በዓል ቀን

«የትምህርት ቤቱ ዘበኛ በዓሉ ትናንት ነበር አለኝ» አሉ ጋሽ ከፋለ። ድምፃቸው እንደ ወትሮው ግቢውን ሞላው። «ፀጉሬን ተቆርጬ፣ የቆዳ ጃኬቴን ወልውዬ ብሄድ በሩ ተቆልፏል።»

ዓይናዲስ እሳቸው ከተቀመጡበት ከቤታቸው ደረጃ ፊት ቆማለች። ያስጠሯት ለዚህ እንደሚሆን ጠርጥራ ነበር። እሁድ ከሰዓት ስለሆነ የግቢው ተከራዮች ሁሉ ጥላ ሥር ተቀምጠው ያወራሉ።

ጋሽ ከፋለ ላሊበላ አቅራቢያ ያለችው የብልባላ ልጅ ናቸው። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ሄደው በአንድ የሮክ ባንድ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ድራም ተጫውተዋል፤ ናይሮቢ ድረስ ተጉዘው መድረክ ላይ ወጥተዋል። በኋላ ቀኝ ጆሯቸው መስማት አቆመ፣ ግራውም ደከመ። ምቱን መሳት ሲጀምሩ ባንዱ ሌላ ሰው ቀጠረ። አሁን ላሊበላ ውስጥ የሆቴሎችን ቧንቧ ይጠግናሉ። ዓይናዲስን ሁለት ዓመት ሙሉ፣ መጀመሪያ በጀሪካን፣ ቀጥሎም በራሳቸው አሮጌ ድራም ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። ስትመታ መዳፋቸውን ከድራሙ ጎን ላይ አሳርፈው ነበር የሚከታተሏት።

የትምህርት ቤቱ ባንድ በወላጆች በዓል እንዲጫወት ሲወሰን፣ ጊታር ተጫዋቹ ምሥጋናው «ያ ጯሂ ሰውዬሽ ከነቆዳ ጃኬቱ መጥቶ እንዳያስቅብን» አላት። ልጆቹ ሳቁ። እሷም አብራ ሳቀች። በማግሥቱ ጋሽ ከፋለ ቀኑን ሲጠይቋት «እሁድ ነው» አለቻቸው።

ቅዳሜ አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበላት። ዓይኗ ግን በየወንበሩ የቆዳ ጃኬት ይፈልግ ነበር።

«ይቅርታ አድርጊልኝ» አሉ አሁን ጋሽ ከፋለ። «ይሄ ጆሮዬ ነው። ቅዳሜ ስትዪኝ እሁድ መስሎኝ። የመጀመሪያ መድረክሽ አመለጠኝ።»

ዝም ብትል ነገሩ እዚሁ ያልቃል። እሳቸው ጆሯቸውን ይወቅሳሉ፤ ነገ ከትምህርት መልስ እንደ ልማዳቸው ያስተምሯታል። ማንም አያውቅም።

«እሁድ ያልኩዎት እኔ ነኝ» አለች በቀስታ።

«አልሰማሁሽም።»

ዓይናዲስ ወደ ተከራዮቹ ዞር ብላ አየች። ከዚያ ወደ ግራ ጆሯቸው ጠጋ አለች።

«እሁድ ያልኩዎት እኔ ነኝ» አለች ጮክ ብላ። «ቅዳሜ መሆኑን እያወቅሁ ነው። እንዳይመጡ ብዬ ነው።»

ጥላው ሥር የነበረው ወሬ ተቋረጠ።

«ለምን?» አሉ። ድምፃቸው እንዲህ ዝቅ ሲል ሰምታ አታውቅም።

«አፍሬብዎት ነው።»

ይህንንም ሁሉም ሰማው። ጋሽ ከፋለ ሂጂም ተቀመጪም አላሏት። ዓይናዲስ እዚያው ደረጃው ላይ፣ ከእግራቸው አጠገብ ተቀመጠች፤ ሂጂ እስኪሏት ድረስ ላትነሣ።