ለመርከብ ወንድም የተቀመጠ ሳህን

«ሲባላክ የሚባል ሰው የለም አሉኝ እኮ!» አለች ፑርኒማ፣ በሞሪሺየስ ሞካ ከተማ ባለው የድሮ መዝገብ ቤት ደጃፍ ዝናብ ለተጠለለ ለማታውቀው ወጣት። የሚሰማት ሰው ብቻ ነበር የፈለገችው።

«ልክ ናቸው። ሲባላክ እያልሽ ከፈለግሽ ፀጉርሽ እዚሁ ይሸብታል» አላት። «ከካልካታ ሲመጡ ስማቸውን የጻፈው ፈረንጅ ነው፤ ጆሮው የያዘለትን ጻፈ። የእኛን ቅድመ አያት ጃግሩፕን ራሱ በስንት ዓይነት አጻጻፍ ነው ያገኘሁት!»

«ካገኘህ ታዲያ እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«ዝናብ ተጠልያለሁ» ብሎ ሳቀ።

ስሙ ያሽዊን ነው። በሚቀጥለው ሐሙስ ዝናብ ሳይኖርም መጣ።

ፑርኒማን የላኳት ያሳደጓት አያቷ ዳዳ ናቸው። ቅድመ አያታቸው ሲባላክ አገዳ ሊቆርጥ ወደ ሞሪሺየስ ሲመጣ መርከብ ላይ ትኩሳት ጣለው። አንድ የማያውቀው ሰው የራሱን ውኃ እያካፈለ አተረፈው። ከወረዱ በኋላ ወደተለያየ እርሻ ተወሰዱና ዳግመኛ አልተያዩም፤ የሰውየውም ስም ተረሳ። ዳዳ ግን በየዓመቱ ሙታን በሚታሰቡበት ቀን ለእሱ አንድ ሳህን ምግብና አንድ ኩባያ ውኃ ያስቀምጣሉ። ማንም አይነካውም። «ዘሩን ሳላቅፍ አልሙት» ይላሉ። የሲባላክ መዝገብ ከተገኘ የመርከቡ ስም ይታወቃል፣ በመርከቡም ሰውየው ይፈለጋል ብለው ነው የላኳት።

በጥንቱ ልማድ በአንድ መርከብ የመጡ ሰዎች ወንድማማች ናቸው። የልጅ ልጆቻቸውም እንዲሁ፤ አይጋቡም። የዛሬ ወጣት በዚህ ይስቃል። በዳዳ ቤት ግን የሚሳቅበት ነገር አልነበረም።

ያሽዊንና ፑርኒማ ሴውባሉክን አገላበጡ፣ ሺባሎክን አገላበጡ፣ ሁሉም የሌላ ሰው አያት ሆነ። ምሳቸውን ደጅ ወጥተው ዳል ፑሪ የሚሉትን የክክ ቂጣ ይበላሉ። የዳል ፑሪው ቅባት ወረቀቱን እንዳይነካ ጣቶቿን በመሐረቡ ይጠርግላት ጀመር። ለመጥረግ ከሚያስፈልገው በላይ ይቆያል። እሷም እጇን አትስብም።

«ስናገኘው ዳዳን ላናግራቸው?» አላት አንድ ቀን።

«ስለ ቅድመ አያታቸው?»

«ስላንቺ።»

ፑርኒማ ያን ቀን እስከ አውቶቡሱ ድረስ እጁን አልለቀቀችም።

በመጨረሻ የዳዳ ቅድመ አያት ሲዎባሎ ተብሎ ተገኘ። የአባቱ ስምና መንደሩ ዳዳ እንዳሉት ነው፤ የግራ ቅንድቡ ጠባሳ እንኳ ተጽፏል። ፑርኒማ በደስታ ልትጮህ ስትል የያሽዊንን ፊት አየች። የመርከቡን ስም እያነበበ ነበር።

«ምነው?»

«የእኛም ሰው በዚሁ መርከብ ነው የመጣው።» ድምፁ ወረደ። «አያቴ ሁልጊዜ ‹ውኃችንን ለበሽተኛ ሰጥተን እኛ በጥም ደርቀን መጣን› ትል ነበር። ተረት ይመስለኝ ነበር።»

ፑርኒማ መዝገቡን ዘጋችው።

«አንነግራቸውም» አለች ፑርኒማ። «ውኃ ነው እኮ ያሽ፣ ደም አይደለም!»

«አንነግራቸውም» አለ እሱም። ተማማሉ።

የመታሰቢያው ቀን ሲደርስ ያሽዊን ተጠራ፤ ፍለጋውን ያገዘ ልጅ ተብሎ። ዳዳ የቅድመ አያታቸው መዝገብ ሲነበብላቸው አለቀሱ። ከዚያ ቀና አሉ።

«ውኃ የሰጠውስ? አልተገኘም?»

«አልተገኘም ዳዳ» አለች ፑርኒማ፣ ወለል ወለሉን እያየች።

«እንግዲህ ሳላገኘው መሄዴ ነው» አሉ። በሚንቀጠቀጥ እጃቸው ሳህኑን ሞሉና ሰው በሌለበት ቦታ አስቀመጡት። የኩባያው ውኃ ግማሹ መንገድ ላይ ፈሰሰ።

ያሽዊን ተነሣ። ፑርኒማ ገባት። «ያሽ፣ ተው» አለችው በሹክሹክታ።

ሄዶ ከሳህኑ ፊት ተቀመጠ። «ዳዳ፣ የእኛ ነው» አለና ውኃውን ጠጣ።

ሽማግሌው ነገሩ እስኪገባቸው ጥቂት ቆዩ። ከዚያ አንገቱ ላይ ተጠመጠሙ። «ልጄ! የወንድሜ ልጅ! የት ከርመህ ነው?» እያሉ ፊቱን፣ ፀጉሩን፣ እጁን ሳሙት። በኋላ ዘወር አሉ። «ፑርኒማ! ምን ቆመሽ ታያለሽ? ነይ፣ ወንድምሽን ሳሚው እንጂ!»

ሳመችው። ጉንጩ እርጥብ ነበር።

ሲሸኙት እስከ አገዳው ዳር ተከተለችው። «ምለህልኝ የለም ወይ?»

«እጃቸውን አላየሽም?»

«እኔንስ አላየኸኝም?»

የሰማ ሁሉ ደግ ልጅ ነው ይላል። ደግ ነው፤ ማን ይክዳል። ፑርኒማን ግን ማንም አልጠየቃትም።

ዳዳ ለሚቀጥለው ነሐሴ ደረሱ። እህት ለወንድሟ ራኪ የሚባለውን ክር የምታስርበት ወር ነው። ፑርኒማ ቀዩን ክር በያሽዊን አንጓ ላይ ስታስር እያዩ ፈገግ አሉ። ብዙም ሳይቆዩ በሰላም አረፉ።

አሁን እሷም አግብታለች፣ እሱም አግብቷል። በየነሐሴው ክሯን ይዛ ትሄዳለች፤ እሱም እጁን ይዘረጋል፤ ያን የመሐረብ ጊዜ ያህል ይቆያሉ። ያሽዊን ክሩ ተፈቶ ሲወድቅ ያነሣና ኪሱ ይከተዋል። ሚስቱ በዚህ ትስቃለች። «ምን ዓይነት እህት ናት? ቋጠሮ እንኳ አትችልም፤ ያንተ ራኪ እንደሆነ አንድ ቀን አያድርም!»

ፑርኒማ ቋጠሮ ትችላለች።