ሦስት ጊዜ የወደቀው እጅ

ዓርብ ከቀትር በኋላ፣ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ፣ በዚህች ምድር ላይ የትግል ካሴት በማከማቸት አቻ ያልነበረው ሰው በገዛ ቪዲዮ ቤቱ የኋላ ክፍል፣ በገዛ ወንበሩ ላይ ሞቶ ተገኘ። ካሴቶቹ ቢደረደሩ ጨረቃ ደርሰው፣ እዚያ ትንሽ አርፈው ይመለሱ ነበር። ሰፈሩ «ደወሉ» ይለዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሰበሰቡት የሬስሊንግ አፍቃሪዎች የድሮው ይበልጣል፣ የዛሬው ይበልጣል ብለው ሲተናነቁ፣ ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጠውን የናስ ደወል አንድ ጊዜ ይመታል፤ ክርክሩም በዚያው ያበቃል።

መርማሪዋ ደረሰች። ቀጭን፣ አጭር፣ ሃምሳን የተሻገረች ሴት ናት። «መርፌ» የሚሏት ያሰረቻቸው ሰዎች ሲሆኑ፣ ያሰረቻቸው ደግሞ አንድ ከተማ ይሞላሉ።

ሐኪሙ ከአስከሬኑ ቀና አለ። «ከኋላ ነው፤ በክንድ። በጣት የታነቀ አንገት እንዲህ ንጹሕ አይሆንም።»

«ታግሏል?»

«የግራ እጁን እይው።»

የሟቹ የጋብቻ ቀለበት የወንበሩን ክንድ ጭሮታል። ጭረቱ የተዘበራረቀ አልነበረም፤ አንዱ ካንዱ ጎን እየሆነ በልክ የተመታ ነው። ቀኝ እጁ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ከፊቱ ገና ያልደረቀ ማስታወቂያ ተዘርግቷል፦ «ነገ! የጠፋው ካሴት! ምስክሩ አየ ወይስ አላየም?» የቀይ ቀለሙ ጣሳ ተገልብጦ፣ ወረቀቱ ላይ የእጁ መዳፍ ታትሟል። መርፌ ጎንበስ ብላ በአፍንጫዋ ልትነካው እስክትደርስ አየችው። መዳፉ የታተመው አንድ ጊዜ አይደለም። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ አንዱ በሌላው ላይ ተደራርቦ። በአንጓው ላይ ደግሞ የሌላ ሰው አውራ ጣት ቀይ ምልክት አለ፤ ተድበስብሷል፣ ለአሻራ አይሆንም።

«የሞተ ሰው እጁን ሦስት ጊዜ ምን አስነሳው?» አለች ለራሷ።

በጓሮው በኩል፣ በቆሻሻ በርሜል ውስጥ፣ አንድ ካሴት ተቃጥሎ እንደ ሬንጅ ቀልጧል።

የሟቹ ሚስት የሒሳብ አስተማሪ ናት። አስከሬኑን ያገኘችው እሷ ስትሆን፣ አሁን በፊተኛው ክፍል ያላረመቻቸውን የፈተና ወረቀቶች ታቅፋ ተቀምጣለች።

«ሃያ ሁለት ዓመት ከሁለት ወንድ ጋር ነው የኖርኩት፤» አለች። «ከሱና ከጭንብሉ ጋር።»

«ጭንብሉ ማነው?»

«የድሮ ታጋይ፤ ፊቱን ሸፍኖ የሚታገል። ከሠላሳ አምስት ዓመት በፊት ‹ገደል› የሚባለው አሸነፈውና ተሸናፊው በሕዝብ ፊት ጭንብሉን በገዛ እጁ አወለቀ። የዚያ ግጥሚያ ካሴት ጠፍቶ ነበር። ባሌ ባለፈው ወር አገኘው። ልጅ የወለደ ነበር የመሰለው።»

«በርሜሉ ውስጥ የተቃጠለው እሱ ነዋ?»

ሴትየዋ ሳቀች፤ ሳቁ ግን ብርጭቆ ሲሰነጠቅ ይመስላል። «እሱ የተቃጠለው የሠርጋችን ካሴት ነው። የጭንብሉን ስም ለጥፎ መሳቢያው ላይ ያስቀመጠው ለማታለያ ነበር። ዋናውን በእኔ የፈተና ወረቀት መሀል ደብቆታል። ትግል እንደምጠላ ስለሚታወቅ እዚያ ማን ይፈልጋል?»

መርፌ ካሴቱን ተቀበለች። ከዚያ ድንገት፦ «እትዬ፣ ሰው መሞቱን በምን ያውቃሉ?»

«ስጠራው ዝም ካለኝ። እሱ ስጠራው ዝም የሚለኝ ትግል ሲያይ ብቻ ነው። ዛሬ ቴሌቪዥኑ ጠፍቶ ነበር።»

ከባልና ሚስቱ ሌላ የኋላ ክፍሉን ቁልፍ የያዙት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ የቅዳሜዎቹ። መርፌ አንድ በአንድ ዞረቻቸው።

ልብስ ሰፊው ስድሳ አምስት ዓመታቸው ነው። ከእሳቸው የተሻለ ጭንብል የሰፋ ሰው ገና ከእናቱ ማኅፀን አልወጣም። የዛሬዎቹን ታጋዮች ስም ሲሰሙ መርፌያቸውን ከጨርቁ ነቅለው ይተፋሉ።

«የዛሬዎቹ? ጭስ፣ መብራት፣ ዘፈን! ሪንግ ውስጥ እስኪገቡ ያስረጃሉ። የእኛዎቹ እኮ ደማቸውን ይዘው ነበር የሚገቡት፤ እህቴ!»

«ደሙም ቢሆን አስቀድመው የተስማሙበት ነው ይባላል።»

«ይስማሙ! አንቺስ ባልሽን ስታገቢ ተስማምተሽ አይደለም? ያ ማለት አልጎዳሽም ማለት ነው?»

መርፌ ፈገግታዋን ዋጠች። «የወንበር ክንድ በእጅ መምታት በናንተ ዘንድ ምን ማለት ነው?»

«ተሸነፍኩ፣ ልቀቀኝ ማለት ነው። ያኔ የማይለቅ ሰው አይደለም።»

«ሰው መሞቱንስ በምን ያውቃሉ?»

«እሱማ ቀላል ነው!» ሽማግሌው መቀሳቸውን አስቀምጠው የራሳቸውን እጅ አንጠለጠሉ። «ዳኛው የታነቀውን ሰው እጅ ያነሳና ይለቀዋል። አንዴ ወደቀ። ሁለቴ ወደቀ። ሦስተኛው ከወደቀ ደወል ነው፤ አለቀ፣ ደቀቀ…» የሚናገሩት ማንን መሆኑ ትዝ አላቸውና አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

መድኃኒት ቀማሚዋ ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው፤ የዛሬውን ትግል አንድም ሳያመልጣት የምታይ፣ በክርክር ልብስ ሰፊውን አሥር ጊዜ ዘርራ አሥራ አንድ ጊዜ ይቅርታ የጠየቀች። ክኒን እየቆጠረች ነበር።

«አንገቱ ላይ የደም ሥሩን እዳስሳለሁ፤» አለች ለዚያችው ጥያቄ።

«እጁን ሦስት ጊዜ አታነሺም?»

«ያ እኮ የነ ጋሼ ዘመን ነው! ዛሬ ዳኛው ክንዶቹን አጣምሮ ወደ ላይ ያነሳና ሐኪም ይገባል።»

«ደወሉና ምስክሩ የሚባለው ሰው ተጣልተው ነበር?»

ክኒኑ ከእጇ ተበተነ። «ጠብ… አይባልም።»

«ታዲያ ምን ይባላል?»

«ክርክር ነው፤» አለችና ከመጀመሪያው መቁጠር ጀመረች።

ሦስተኛው፣ ምስክሩ፣ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። አርባ አራት ዓመቱ ሲሆን፣ ክንዶቹ የሌላ ሰው ጭን ያካክላሉ። መርፌ ያገኘችው ከመኪናው ሥር ተኝቶ ብሎን ሲያጠብቅ ነው።

«ይሄ ብሎን እንደ ገደል ነው!» አለ እየወጣ። «ካልጠመዘዝከው አይሸነፍም። መርማሪዋ ነሽ? ደረስሽ! እንደ ሁለተኛ ተጋጣሚ በገመድ መሀል ዘለሽ ነው የገባሽው!»

ባለቤቱ ስለታመመች ወንድሟን ለእርዳታ ጠርታ «ሁለት ለአንድ» እንደሆኑበት ነገራት። አለቃው «ዳኛ ሲዞር በወንበር የሚመታ» ዓይነት ሰው ነው። ይህ ሰው ትግል የማይጠራበት ዓረፍተ ነገር ከአፉ አይወጣም።

«ምስክሩ ለምን አሉህ?»

ደረቱን ነፋ። «የጭንብሉን ፊት ያየሁ እኔ ብቻ ነኛ! ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ፊተኛው ወንበር፣ ከአባቴ ጎን። ጠባሳ አለው፤ ከቅንድቡ እስከ አገጩ። ካላየሁ ዓይኔን ግንባር ያድርገው!»

«ደወሉ ግን ካሴቱ ያጋልጥሃል ይልህ ነበር።»

«ይቀልዳል። ሁላቸውም አንድ ወር ሙሉ ሳቁብኝ። እኔ ምን ቸገረኝ?» የግራ አንጓውን ሰፊ የቆዳ ሰዓት አዞረው።

«ሰው መሞቱን በምን ታውቃለህ?»

እጁን በጨርቅ ጠረገ፤ የጸዳውን እንደገና ጠረገ።

«ሐኪም እጠራለሁ፤» አለ።

ቅዳሜ ስምንት ሰዓት፣ ዘወትር ትርኢቱ በሚጀምርበት ሰዓት፣ መርፌ ሁሉንም በኋላ ክፍሉ ሰበሰበቻቸው። ሚስቲቱ ከበሩ አጠገብ፣ ሦስቱ በየወንበራቸው ተቀመጡ። የደወሉ ወንበር ባዶ ነው። በሩ ላይ ሁለት ፖሊሶች ቆመዋል።

«ካሴቱ አልተቃጠለም፤» አለች። «ያው ቀጠሮ ነበራችሁ። እንየው።»

የሹፌሩ ፊት አመድ መሰለ። መርፌ ካሴቱን ከተተችና ወንበሯን አዙራ፣ ጀርባዋን ለቴሌቪዥኑ፣ ፊቷን ለእነሱ ሰጥታ ተቀመጠች። የግጥሚያውን ድምፅ ብቻ ነው የሰማችው፤ የሥጋ ጥፊ፣ የሕዝቡ ጩኸት፣ የእንጨቱ ጉምጉምታ። ከዚያ አዳራሹ ድንገት ጸጥ አለ። ጭንብሉ ሊወልቅ ነው። ልብስ ሰፊው ትንፋሻቸውን ያዙ፤ ቀማሚዋ ከወንበሯ ተነሳች፤ ትግል የምትጠላዋ ሚስት እንኳ አንገቷን አሰገገች። ጩኸቱ ፈነዳ። መርፌ ካሴቱን አቆመች።

«አሁን ልናገር።» የናሱን ደወል ወደ ጠርዝ ገፋ አደረገችው። «ሟቹ የወንበሩን ክንድ በልክ በልክ መታ። ተሸነፍኩ፣ ልቀቀኝ ማለቱ ነው። ያነቀው ሰው ቋንቋውን ያውቃል፤ ቢያውቅም አልለቀቀም። ከዚያስ? ጣሳው ተገለበጠ፤ እጁ ቀለሙ ውስጥ ወደቀ። ገዳዩ መሞቱን ማረጋገጥ ፈለገ። ሌላ ሰው ቢሆን ትንፋሹን ያዳምጣል። ይህኛው ግን አንጓውን ይዞ እጁን አነሳና ለቀቀው። ሦስት ጊዜ። ተወራጭቶ ቢሆን ቀለሙ በተጎተተ ነበር፤ ከላይ ወርዶ ጧ ብሎ ነው ያረፈው።»

ልብስ ሰፊው «እግዚኦ!» አሉ።

«ስለዚህ ከናንተ አንዱ ነው፤ ያውም የድሮውን ሥርዓት የሚያመልክ። ቀማሚዋ ዳኛው ክንዱን ሲያጣምር ያደገች ናት፤ ወጣች። ሁለት ቀሩ። ልብስ ሰፊውን ሞት በምን ይታወቃል አልኳቸው፤ ሳይጠረጥሩ እጃቸውን አንጠልጥለው አሳዩኝ። ገዳይ ቢሆኑ ምላሳቸውን ይነክሱ ነበር።» ወደ ሹፌሩ ዞረች። «አንተ ብሎንህን በትግል፣ ሚስትህን በትግል፣ አለቃህን በትግል ትተርካለህ። ከሁሉም በላይ ትግል የሚጠራውን ጥያቄ ስጠይቅህ ግን ‹ሐኪም እጠራለሁ› አልከኝ። በሕይወትህ ትግል ያልገባበት ዓረፍተ ነገር ያ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።»

«ይሄ ማስረጃ ነው?» አለ ሹፌሩ፤ ድምፁ ግን ቀጥኗል።

«አይደለም። ቅድም ሁሉም ጭንብሉን ሲያይ አንተ የት ነበር የምታየው?»

ሹፌሩ የአንጓውን ሰዓት አዞረው።

«ዓይንህን ስጠብቅ ነበር። አንዴም ወደ መሀል አልሄደም። ከታች በግራ በኩል፣ የፊተኛው ረድፍ ወንበር ያለበትን ጨለማ ነበር የምትቃኘው። የፈራኸው ጭንብሉን አይደለም፤ ራስህን ነው። ሰዓትህን ፍታ።»

ፖሊሱ ፈታው። ከሰዓቱ ቆዳ ሥር፣ በስፌቱ ውስጥ፣ ቀለሙን ያጠበበት ቤንዚን ያልደረሰበት ቀይ መስመር አለ።

ያ ግዙፍ ሰው በአንድ ጊዜ ዘጠኝ ዓመቱ ሆነ። «ከአባቴ ካፖርት ሥር ነበርኩ፤» አለ። «ደሙን ሳይ ፈራሁ። ጭንብሉ እስኪወልቅ ፊቴን ደብቄ አለቀስኩ። አባቴ እስኪሞት ‹አልቃሻው› እያለ ነው የጠራኝ። ከዚያ ወዲያ ‹አየሁ› አልኩ፤ ሰው አመነኝ። ደወሉ ሊያሳያቸው ነበር። ልለምነው ነበር እኮ የመጣሁት! ‹ነገ ትዋረዳለህ› ብሎ ሳቀ፤ እየሳቀ ጀርባውን ሰጠኝ።» ከዚያ በፍርሃት ቀና አለ። «ፊቱ… ምን ይመስላል? አያችሁት?»

«ማንም አላየውም፤» አለች ቀማሚዋ እያለቀሰች። «ጀርባውን ለካሜራው ሰጥቶ ነው ያወለቀው። የሕዝቡ ወንበርም ድቅድቅ ጨለማ ነው። አንተም አትታይ፣ ማንም አይታይ። ጋሼ፣ ይንገሩት እንጂ!»

ልብስ ሰፊው ደወሉ ለእሳቸውና ለቀማሚዋ አንብቡት ብሎ የሰጣቸውን ደብተር ከኪሳቸው አወጡ። የየቅዳሜው ክርክር እዚያ አስቀድሞ የሚጻፍ ትርኢት ነበር፤ ማን እንደሚገባ፣ ማን እንደሚሰድብ፣ ማን እንደሚያሸንፍ። መርፌ ተቀብላ አነበበችው።

«‹ቅዳሜ። ምስክሩን አንድ ሰዓት ሙሉ አስፈራራዋለሁ፤ እናንተም ሳቁበት። ከዚያ ካሴቱን እናያለን። ምንም አያሳይም። ስለዚህ ፊቱን ያየ እሱ ብቻ ነው። እጁን አንስቼ አሸናፊ ነው እላለሁ። እንዳትነግሩት፤ እውነት ሲመስለው ነው የሚያምርበት።›»

ሰው ሁሉ ትግሉ የውሸት ነው ሲል «የተስማሙበት ነው፣ ሞኝ!» እያለ ሠላሳ ዓመት ሲያስተምር የኖረው ሹፌር ወረቀቱ ላይ አፈጠጠ።

«እጄን ሊያነሳ ነበር?»

«አዎ፤» አለች መርፌ። «አንድ ጊዜ ብቻ።»

ካቴናው ገባ። በሩ ላይ ሲደርስ ቆሞ ወደ ሟቹ ሚስት ዞረ። «አሁንም እኮ አመለጠኝ፤ ጨለማውን ሳይ። አንዴ ብቻ ካሴቱን መልሰሽ አሳዪኝ፣ እትዬ። እባክሽ፤ የሚወልቅበትን ብቻ። አሁን ዓይኔን አልሰውርም።»

መርፌም አየቻት። ሴትየዋ ተነስታ ካሴቱን ከማጫወቻው አወጣች፤ ጥቁሩን ሪባን በጣቷ ስባ፣ በእርጋታ፣ ክንድ በክንድ እየለካች እስከ መጨረሻው ዘረገፈችው። ከዚያ ሃያ ሁለት ዓመት ነክታው የማታውቀውን የናስ ደወል አንድ ጊዜ መታች።