ቢጫው ሜትር

ልብስ ሰፊዋ የዚያን ቀን ከሱቋ ተጣድፋ ስትወጣ ቢጫ ሜትሯን ከአንገቷ ማውለቅ ረሳች። ከሥራ መልስ አዋቂዎች የሚማሩበት ክፍል ገና እግሯ ሲገባ ፀጉር አስተካካዩ አያትና «ዛሬ ደግሞ ማንን ልትለኪ ነው?» ብሎ ሁሉንም አሳቀባት። አፍራ ልታወልቀው ስትል አንድ ረጅም ሰው ትከሻውን ከበሩ መቃን ጋር አጋጭቶ ገባ። በያጅ ነው፤ እጆቹን የእሳት ፍንጣሪ አዥጎርጉሯቸዋል። ባዶ ወንበር ሞልቶ ሳለ ቀጥ ብሎ መጥቶ አጠገቧ ቁጭ አለ።

«ሜትርሽን አይቼ ነው የመጣሁት» አላት ዝቅ ባለ ድምፅ። «አታውልቂው»

ቀልድ መሰላት። ምነው ቀልድ በሆነ፣ ልጆቼ።

ከዚያ ወዲህ አልተለያዩም። ድምፅሽ ደስ ይለኛል፣ አንቺ አንብቢልኝ ይላታል፤ ታነብለታለች። ሲሸኛት ክንዷን ይይዛል፤ ልቧ ቅልጥ ይላል። ግን ደረጃ በወረዱ ቁጥር አያያዙ ይጠብቃል፤ ምክንያቱን አታውቅም።

የጋብቻው ነገር ተነስቶ ቀን ሊቆረጥ ሲል ሰውየው ተለወጠ። ክፍል ሲመጣ ከኋላ ጥግ ላይ ይቀመጣል፤ ከትምህርት ሲወጣም አይጠብቃትም። አንድ ቀን መንገድ ላይ ፊት ለፊት ተገጣጥመው ፈገግ ብትልለት እንደማያውቃት ሰው አልፏት ሄደ። ያን ቀን ሜትሯን ሱቅ ትታው ነበር፤ ይህን ከዚያ ጋር ምን ብላ ታገናኘው?

«ሌላ ይዞ ነው እንጂ ምን ያሸሸዋል? ተይው፣ ልጄ» አለቻት አክስቷ።

በማግስቱ ሰማዩ ጠቁሮ፣ ክፍሉም ደንገዝገዝ ብሎ ነበር። መምህሯ አንድ ልማድ አላት፤ የሚያነቡት መጽሐፍ ባለታሪክ ሲመረመር አንዱን ተማሪ ፊት ወንበር ላይ አስቀምጣ «አንተ እሱ ነህ» ትለዋለች። ሌሎቹ ስለ ባሕርይው፣ ስላነሳሳው ምክንያት፣ ከሰዎች ጋር ስላለው ግንኙነት ይጠይቁታል። የዕለቱ ባለታሪክ ባለታንኳ ነው። አንዲትን ሴት ወንዝ ሲያሻግር ኖሮ፣ ሊያገባት ቃል ገብቶ፣ አንድ ጠዋት ታንኳውን አስሮ ሳይሰናበታት ጠፋ።

ፀጉር አስተካካዩ «ልበ ደንዳና ነው» አለ። ሌሎቹም ፈሪ ነው፣ ከሃዲ ነው ተባባሉ። መምህሯ ማን ይቀመጥ ብትል በያጁ ተነሳ። ጠረጴዛዎቹን በእጁ እየዳበሰ ወደ ፊት ሄደ። ለመጠየቅ የተነሳችው ልብስ ሰፊዋ ናት።

«ያቺን ሴት ትወዳት ነበር?»

«በጣም እወዳታለሁ»

«ታዲያ ሳትነግራት ለምን ጠፋህ?»

«ብነግራት አትለየኝም። አብራኝ ትሰምጣለች»

«ታንኳው ምን ሆነና?»

«ታንኳውስ ደህና ነው። እኔ ነኝ እንጂ... ማዶው አልታይ እያለኝ ነው»

መምህሯ ገጹን ገለጠች፤ መልሳ ገለጠች። «ይሄ እኮ መጽሐፉ ላይ የለም» አለች ቀስ ብላ።

ልብስ ሰፊዋ መቃኑ፣ ደረጃው፣ የመንገዱ ላይ ነገር ሁሉ አንድ ላይ መጣባት። ሌላ ወንበር ጎትታ ወስዳ አጠገቡ ተቀመጠች።

«የባለታንኳውን ባሕርይ እኔ ልንገራችሁ። ደግ ነው፣ ግን ኩሩ ነው። በሴትየዋ ፋንታ ብቻውን ወስኖ ሄደ። እሷን ማን ጠየቃት?» ወደ እሱ ዞረች። «በል አሁን ጠይቀኝ»

እሱም ፊቱን ወደ ድምፅዋ መለሰ። «ማዶ የማይታየው ሰው ታንኳ ላይ ትሳፈሪያለሽ?»

«አልሳፈርም»

አንገቱን ደፋ።

«መቅዘፊያውን ስጠኝና ጠጋ በል»

መጀመሪያ የሳቀው ፀጉር አስተካካዩ ነው፤ መጀመሪያ ዓይኑን የጠረገውም እሱ።

ሲወጡ ሁሉን ነገራት። ሐኪሙ የዓይንህ ብርሃን አይመለስም ብሎታል፤ ደብዘዝ ያለ ነገር ከጠፋው ቆይቷል፣ ደማቅ ቢጫ ብቻ ነው ከሩቅ የሚታየው፤ እሱም ውሎ አድሮ ይጠፋል።

የሠርጓን ቀሚስ ራሷ ሰፋችው፣ ቢጫ። አክስቷ «ሙሽራ ቢጫ ለብሳ የት ታይቶ ያውቃል?» ብላ አጉረመረመች። ልብስ ሰፊዋ በሩ ላይ ብቅ ስትል ግን፣ በያጁ ማንም ሳይነግረው ከወንበሩ ተነሳና «መጣሽ» አላት።

በዓመቱ ቢጫውም ጠፋ። ለቅሶ ነበር፣ አልዋሻችሁም፤ እሱ ከሰው ጋር አልነጋገርም ብሎ የከረመበት ጊዜም ነበር። ዛሬ ሱቋ ውስጥ ተቀምጦ የተበላሸ የስፌት መኪና በእጁ ዳብሶ፣ በጆሮው አድምጦ ይጠግናል። ሜትሩ እሱ አንገት ላይ ነው። ስትፈልገው መጥታ ከዚያ ትወስደዋለች፣ መልሳም እዚያው ታንጠለጥለዋለች። የምትለካው ልብስ በሌለበት ቀን እንኳ ደጋግማ ትፈልገዋለች።