“ዬ” የሚለው ኮምፒውተር

ጂኒ አየሁ የሚለኝን ሰው የዓይን ሐኪም ጋ ሂድ የምል ሰው ነኝ፣ ሕልም ፈቺውንም፣ ጠንቋዩንም፣ በጋዜጣ ኮከብ የሚቆጥረውንም በአንድ ከረጢት ከትቼ ቦርከና ወንዝ ብወረውር ደስ የሚለኝ፣ በዚህም ጠባዬ ከሚሴ ውስጥ ብዙ ወዳጅ ያላፈራሁ፣ ሰርግ ቤት እንኳ ከጎኔ ለመቀመጥ ሰው የሚያመነታብኝ። ስለዚህ አሁን የማወራህን ከእኔ አፍ መስማትህ ራሱ አንድ ጉድ ነው። ደግሞ ሌሊት እንዳይመስልህ፣ ጨረቃ የለም፣ ጅብ አልጮኸም፤ ጠራራ ፀሐይ ነው፣ ከዙሁር ሶላት በኋላ፣ የቆርቆሮው ጣሪያ በሙቀት ቋ፣ ቋ በሚልበት ሰዓት።

እህቴ ዘሀራ፣ ጀማል የሚባል አንድ ልጅ አላት። አላት ልበል ነበራት እሱን አላውቅም፣ የነገሩ ሁሉ መራራነት እዚያ ላይ ነው። ጀማል ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ ሲያጣ ከየቦታው በለቃቀመው ዕቃ አንድ የጌም ኮምፒውተር ገጣጠመ፣ ግራፊክስ ካርዱን ከአዲስ አበባ፣ ሳጥኑን ከኮምቦልቻ፣ ስክሪኑን ከአንድ ከተዘጋ ኢንተርኔት ቤት አምጥቶ፣ ቀኑን ሙሉ አንድ ጨዋታ ብቻ ይጫወት ነበር፤ በፈረንጅ አገር አስፋልት ላይ ከባድ መኪና እየነዱ ጭነት ማድረስ። በደጃፉ፣ በደሴ መንገድ፣ እውነተኛ ተሳቢ መኪና መስኮቱን እያንቀጠቀጠ ያልፋል፣ እሱ ውስጥ ተቀምጦ የሌለውን ይነዳል።

“አንተ ልጅ፣ ይህን ጭነት የት ነው የምታራግፈው?” አልኩት አንድ ቀን።

“ሥራ ያለበት አገር፣ አጎቴ” አለኝ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ።

ስቄ ወጣሁ። ስለ ስደት አስከፊነት ለመምከር በተጠራ ስብሰባ ላይ የታሸገ ውኃ ጠጥተን፣ አጨብጭበን፣ አበል ፈርመን በተበተንን ሰሞን፣ ጀማል ጨፋ ሮቢት ደርሼ ልምጣ ብሎ ወጣ፣ በባቲ አድርጎ ወደ አፋር በረሃ ወረደ፣ ከዚያ ጅቡቲ፣ ከዚያ ባሕሩ። ያሻገረው ደላላ ስልኩን ዘጋ። ከመንገድ የተመለሰ አንድ የሠፈር ልጅ፣ “ጀልባ ሰጥማለች፣ ጀማል እሷ ላይ ወይ ከኋላዋ በነበረችው ላይ ነው የተሳፈረው” ብሎ ለዘሀራ ነገራት። እመነኝ፣ በዚያች “ወይ” ውስጥ እህቴ ወራት ኖረች። ሽማግሌዎቹ ሬሳ ለሌለው ሟች የሚሰገደው ሶላት ይሰገድ፣ ለነፍሱ ሰደቃው ይውጣ፣ ይለይላት ይላሉ፣ እሷ እምቢ ትላለች፣ እኔን ደግሞ ታላቅ ወንድም ነህና አሳምናት ብለው ላኩኝ።

“የሚያስለቅስ ነገር የለም፣ አያ” አለችኝ። “ስጠራው ይመልስልኝ የለ?”

እጄን ይዛ ወደ ጀማል ክፍል አስገባችኝ። ማብሪያውን መጫንና የመኪናውን ሥዕል መንካት ልጇ አስተምሯት ኖሯል፣ ጨዋታው ተከፍቷል፣ መኪናው እሱ ባቆመው የመንገድ ዳር ሞተሩ እንደበራ ቆሟል፣ ዝናብ ይዘንባል፣ መጥረጊያው ወዲያና ወዲህ ይላል። ዘሀራ በሩ ላይ ቆማ፣ እንደ ድሮው ለምሳ እንደምትጠራው፣ “ጀማል! ኮቱ ኛዱ!” አለች፤ በኦሮምኛ “ና፣ ብላ” ማለቷ ነው።

ሥዕሉ ቀጥ አለ። የዝናቡ ጠብታ አየር ላይ ቀረ፣ መጥረጊያው መስታወቱ መሐል ተገተረ፣ የሞተሩ ድምፅ ግን አንዲት ቁራጭ ይዞ ደጋገማት፣ ዬ፣ ዬ፣ ዬ፣ ዬ፣ ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉም ቀጠለ። አማርኛ ብቻ ለሚያውቅ ሰው ይህ የተቆራረጠ ድምፅ ነው፣ አበቃ። በእኛ ቤት ግን የምንጠራራው በኦሮምኛ ነው፣ እናት ስትጠራ ልጅ “ዬ” ይላል፣ አቤት ማለት ነው።

“ሰማኸው?”

“ዘሀራ፣ ይህ ላግ የሚባል ነገር ነው።”

“ላግ ደግሞ የማን ልጅ ነው?”

“ኮምፒውተሩ ሲደክመው ሥዕሉ ይቆራረጣል፣ ድምፁም አብሮ ይንተባተባል።”

“እኔ ስጠራው ብቻ ነው የሚደክመው?”

ጎረቤቷን ከድጃን አስጠራሁ፣ እስቲ ጥሪው አልኳት፣ ጠራችው፣ ሦስቴ ጠራችው፣ ማሽኑ እንደ ውኃ ይፈሳል፣ ንቅንቅ የለም። “እኔንማ ድሮም ሱቅ ስልከው አይሰማኝም ነበር” ብላ ከድጃ እየሳቀች ወጣች። ዘሀራ ከኋላዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠራች፣ ዬ፣ ዬ፣ ዬ።

አልፈራሁም። ተናደድኩ እንጂ። ሰው የተማረው ለዚህ ቀን ነው ብዬ በማግስቱ ጠመንጃ መፍቻዬን ይዤ መጣሁ።

“እንዳታበላሸው” አለችኝ።

“ላድነው ነው።”

“ማን ታመመ አለህ?”

መጀመሪያ ጥፋቱን ለመብራቱ ሰጠሁት፣ የከሚሴ መብራት እንደ ባለሥልጣን ቃል ከፍ ዝቅ ይላል፣ ስታብላይዘር አስገባሁ፣ ለውጥ የለም። ቫይረስ ፈለግሁ፣ ከጀርባ የሚሠሩ ፕሮግራሞችን ዘጋሁ፣ ሁለቱን ራሞች፣ የማስታወሻ ካርዶቹን፣ እያፈራረቅሁ ሞከርኩ፣ የሥዕሉን ጥራት ዝቅ አደረግሁ፣ ጥግ ላይ ስክሪኑ በሰከንድ ስንት ሥዕል እንደሚያሳይ የምትቆጥር ቁጥር አወጣሁ። ስልሳ ላይ ከቆመች ሥዕሉ ለስላሳ ነው፤ እህቴ ስትጠራ ግን እግሯን እንደተመታች ፍየል ዘጭ ትላለች። በመጨረሻ ሳጥኑን ከፈትኩት። የጨፋ አቧራ ፋኑን እንደ ብርድ ልብስ ሸፍኖታል፣ ፕሮሰሰሩ ከማቀዝቀዣው ጋር እንዲጣበቅ የሚቀባው ቅባት በበጋ እንደተሰነጠቀ ጭቃ ደርቋል። ይኸውልህ ጂኒው! ይግላል፣ ሲግል ራሱን ለማዳን ይዘገያል። አቧራውን አራገፍኩ፣ አዲስ ቅባት ቀባሁ፣ ገጠምኩ፣ መኪናውን ራሴ ነዳሁት፣ ቁጥሯ ስልሳ ላይ ተተክላ ቀረች፣ ኩራት ተሰማኝ፣ አልዋሽህም።

“ነይ ጥሪው” አልኳት።

እጇን በነጠላዋ ጠርጋ መጣች። “ጀማል! ኮቱ ኛዱ!”

መኪናው ይሄዳል።

“ጀማል!”

ዝናቡ ይወርዳል፣ መጥረጊያው ይጠርጋል፣ ፋኑ እንኳ ድምፁ አይሰማም። ዘሀራ ቀርባ መዳፏን ሳጥኑ ላይ አሳረፈችው፣ ትኩሳት የያዘው ልጅ ግንባር እንደሚነካ።

“ቀዝቅዟል፣ አያ።”

“አዎ፣ ችግሩ እሱ ነበር፣ ይግል ነበር” አልኳት እኔ ሞኙ።

“ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን” አለች፣ ሞት ሲሰማ የሚባለውን፣ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች፣ እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

በሦስተኛው ቀን ድንኳን ተጣለ፣ ሶላቱ ተሰገደ፣ በሬ ታረደ። ሽማግሌዎቹ እጄን እየጨበጡ “ደግ አደረግህ፣ ገላገልካት” አሉኝ፤ በዕድሜዬ ከዚህች ከተማ ያገኘሁት ምስጋና ይህ ብቻ ነው። ከዙሁር በኋላ እንግዳ በዛ፣ የጀማል ክፍል ይለቀቅ ተባለና ዕቃውን ላነሳ ገባሁ። ገመዱን ከመንቀሌ በፊት ለምን እንደሆነ እንጃ አበራሁት፣ እጄ የጠገነው ነገር ሲሠራ ለማየት ይሆናል። መኪናው ቆሟል፣ ቁጥሯ ስልሳ ናት። ከውጭ የሳህን ድምፅ ይሰማል፣ አንዱ ሥጋው ጨው አነሰው ይላል፣ ሌላው ስለ ዘንድሮ ማሽላ ያወራል፤ ወደ ስክሪኑ ዞሬ፣ ለምላሽ ብዬ ሳይሆን ለምሬት፣

“ጀማል፣ ኮቱ ኛዱ፣ የራስህ ሰደቃ ቀርቧል” አልኩ።

ቁጥሯ ወርዳ ዜሮ ላይ አረፈች። ዝናቡ አየር ላይ ቆመ። ዬ፣ ዬ፣ ዬ፣ ዬ። ይህኛው እንደ በፊቱ ቶሎ አልለቀቀም። ሳጥኑን ነካሁት፣ እንደ ድንጋይ ቀዝቃዛ ነው፣ አልጋለም፣ አልደከመም፣ የሚዘገይበት አንድም ምክንያት የለውም፣ እኔው ነኝ የጠገንኩት፣ እኔው አውቃለሁ። ዬ፣ ዬ፣ ዬ፣ ልክ ጠሪው ምን እንደፈለገ እስኪናገር እንደሚጠብቅ ሰው።  ገመዱን ከግድግዳው ነቀልኩት።

አመሻሹ ላይ ዘሀራ ከሴቶቹ መሐል ዓይኗን አንስታ ፈለገችኝ።

“አያ፣ ቅድም እዚያ ክፍል ገብተህ ነበር?”

“ገመዱን ልነቅል።”

“ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ።”

“ሴቶቹ ናቸው፣ ሲያለቅሱ” አልኳት።

ራሷን ነቀነቀችና ወደ ልቅሶዋ ተመለሰች። ምን ልበላት? ልጅሽ መለሰልኝ፣ ድንኳኑን አፍርሺ፣ እንደገና ጠብቂ ልበላት? በምን ማስረጃ? በአንድ ቁራጭ የሞተር ድምፅ?

ጀማል እስከዛሬ አልደወለም፣ ሬሳውን አየሁ ያለም ሰው የለም። ኮምፒውተሩ እኔ ቤት ነው፣ መጻሕፍቴ መሐል፣ ጨርቅ ለብሶ። ዘሀራ ስትመጣ “ደህና ነው?” ትለኛለች፣ ስለ ማሽኑ ይሁን ስለ ሌላ አልጠይቃትም፣ ደህና ነው እላታለሁ። ይህን በጽሑፍ የማወራህም እሷ ፊደል ስላልቆጠረች፣ አታነበውም ብዬ ነው። ጎበዝ የኮምፒውተር ባለሙያ ምክንያቱን ሊነግረኝ ይችል ይሆናል፣ አልጠየቅኩም፣ ካበራሁት ስሙን መጥራቴ አይቀርማ። ምሳ ሰዓት ላይ ስሙ ምላሴ ጫፍ ድረስ ይመጣና መልሼ እውጠዋለሁ። ዬ ቢለኝ፣ ሰደቃውን በልተን የተነሣንለትን ልጅ የት ሄጄ ልፈልገው? ዝም ቢለኝስ?