ከተመስገን ስም ጎን ያለችው ነጥብ

እኔ እንኳን መንፈስ ላምን፣ «ኮምፒውተሬ በራሱ ጊዜ ተበላሸ» የሚል ደንበኛ ሲመጣ በልቤ የምስቅ ሰው ነኝ፣ ማሽን ያለ ምክንያት ምንም አያደርግም፣ ምክንያቱን ደግሞ አንድ ቦታ መዝግቦ ያስቀምጠዋል፣ ትዕግሥት ላለው ይገኛል። ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ይህንኑ ነው፣ ሆሳዕና ባለችው የጥገና ሱቃችን የምሠራውም በዚሁ ነው። ስለዚህ ፈሪ ስለሆነች ነው እንዳትሉኝ፣ ዓይን አፋርነቴን አልክድም፣ ፈሪ ግን አልነበርኩም።

ዶዮገና የሚኖሩ ጡረታ የወጡ ነርስ፣ ሲስተር አስቴር፣ የልጃቸው ኮምፒውተር «ሎግ አውት አልል አለ፣ ከአካውንቱ አልወጣም አለ» ብለው አስጠሩኝ። ልጃቸው ተመስገን ቫይረስ ሲያማርረው በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ ጭኖበት ነበር፣ ከዚያ እንደ ብዙ የአካባቢያችን ወጣቶች በኬንያ በኩል ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄደ፣ ከማላዊ አንዴ ደወለ፣ ከዚያ በኋላ ድምፁ ጠፋ። አብሮት የተጓዘ ልጅ «እሱ አልደረሰም» ብሎ ካወራ ወዲህ አጎቱ አቶ ኤርሲዶ ድንኳን ተክለን ለቅሶ እንቀመጥ ይላሉ፣ እናት እምቢ ብለዋል። በመጨረሻ የተስማሙት፣ ኮምፒውተሩ ከእሱ አካውንት ወጥቶ ለታናሽ እህቱ ለምሕረት እንዲሰጥ፣ እናትም ያ ሲሆን ማየት ከቻሉ ለቅሶውን እንዲፈቅዱ ነው። ይህን ሁሉ የሰማሁት ገና ወንበር ሳልይዝ ነው።

«ኢንጂነሯ አንቺ ነሽ?» አሉኝ አቶ ኤርሲዶ፣ «እኔ ጢም ያለው ሰው ነበር የጠበቅኩት።»

«ተዋት፣ ልጅቷን አታሸማቅቃት» አሉ ሲስተር አስቴር።

ከሰዓት በኋላ ነው፣ ጉሙ ወርዶ በመስኮቱ የሚታየው እንሰት ግማሹ ጠፍቷል፣ ቤቱ ጸጥ ብሏል። የመጀመሪያውን ምክንያት ቶሎ አገኘሁት፣ ተመስገን ማሽኑን ያለ ፓስወርድ በቀጥታ ወደ እሱ አካውንት እንዲገባ፣ ሲወጣም መልሶ እንዲገባ አድርጎት ነበር። አያችሁ፣ ምክንያት አለው። ያንን አጠፋሁ፣ ለምሕረት አዲስ አካውንት ከፈትኩ፣ ሎግ አውት አልኩት። ስክሪኑ ጠቆረ፣ ጠቋሚዋ ብቻዋን መሀል ላይ ቀረች፣ ከዚያ የተመስገን ዴስክቶፕ ተመልሶ መጣ። የያዘው ፕሮግራም ካለ ብዬ ሁሉንም አንድ በአንድ ዘጋሁ፣ ድሮ ገብቶ እንደነበር የሚያስታውሱትን ፋይሎች አጠፋሁ፣ ደገምኩት፣ ተመለሰ።

ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት ከፍቼ ማሽኑ ላይ ማን እንዳለ ጠየቅኩት። ተመስገን ሁለት ጊዜ ተጽፎ ወጣ። አንዱ እኔ የተቀመጥኩበት ነው፣ ሁለተኛው ከየት እንደገባ የሚነግረው ቦታ ባዶ ነው፣ ኢንተርኔት ደግሞ የለም፣ ገመዱም ዋይፋዩም የለም። ከጎኑ፣ ተጠቃሚው ኪቦርድ ከነካ ምን ያህል እንደቆየ የምትቆጥር ቁጥር አለች፣ ማንም ካልነካ እየጨመረች ትሄዳለች። እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ተመለከትኳት። ጨመረች፣ ጨመረች፣ ማሽኑ ውስጥ የሆነ ነገር ቀጭ አለ፣ ወደ ዜሮ ተመለሰች። እመኑኝ፣ ማንም አልነካም። ደግሞ ጨመረች፣ ደግሞ ቀጭ አለ፣ ደግሞ ዜሮ።

«ምን ይላል?» አሉ ሲስተር አስቴር ከኋላዬ።

«ሌላ ሰው... ያለ ይመስለዋል።»

«ማን?»

እሳቸው መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ ብለው የልጃቸውን ስም ራሳቸው አነበቡት።

አቶ ኤርሲዶ በከምባትኛ ተቆጡ፣ እኔ ሀዲያ ነኝና ግማሹን ብቻ ነው የሰማሁት፣ ከዚያ በአማርኛ «ነቅሎ ማጥፋት ነው እንጂ ዕቃ ምን ይጠየቃል!» ብለው ሶኬቱን መንጭቀው ነቀሉት። እኔም፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ቀለል አለኝ፣ ምክንያቱም ዴስክቶፕ ኮምፒውተር እንደ ላፕቶፕ ባትሪ የለውም፣ መብራት ሲቋረጥ ማን ገብቶ እንደነበር የሚያስታውስበት ነገር ሁሉ ይጠፋል።

መልሼ ሰካሁት። መግቢያው ላይ ሁለት ስሞች መጡ፣ ምሕረትና ተመስገን። ከተመስገን ስም ጎን ትንሽ ነጭ ነጥብ አለች።

«ይቺ ነጥብ ምንድን ናት የኔ ልጅ?» አሉኝ ሲስተር አስቴር።

ምንም አይደለችም ማለት እችል ነበር። «ገብቶ ያልወጣ ሰው ስም ጎን ነው የምትታየው» አልኩ።

«አሁን አልነቀለውም እንዴ?»

«ነቅለውታል።»

ሲስተር አስቴር መነጽራቸውን አወለቁ። «የልብ ትርታ ያለውን በሽተኛ በአንሶላ ሸፍኜ አላውቅም» አሉ፣ ለአቶ ኤርሲዶ ነው፣ ቀስ ብለው፣ «የራሴን ልጅ ደግሞ ጭራሽ። የተከራየኸውን ድንኳን መልሰው።»

አቶ ኤርሲዶ ሚኒባስ ድረስ ሸኙኝ፣ ቁጣቸው ጠፍቶ ነበር። «ምናለ ማሽኑ ተበላሽቷል ብትዪ?» አሉኝ፣ «እሷ እኮ አትተኛም፣ በር በተንኳኳ ቁጥር ትነሳለች። አልቅሳ ይውጣላት ብዬ እንጂ እኔ ክፉ ሆኜ ይመስልሻል? ልጁን እኮ በትከሻዬ ተሸክሜ ነው ያሳደግኩት።» ረዳቱ ጠራኝ፣ ሚኒባሱ ውስጥ ገባሁ።

ከዚያ ወዲህ ከማሽኑ ገልብጬ ያመጣኋቸውን የመዝገብ ፋይሎች ደጋግሜ አንብቤአለሁ፣ የሚያውቁ ሰዎችንም ጠይቄአለሁ፣ «ስህተት ይሆናል» ይላሉ፣ የትኛው ስህተት እንደሆነ ግን የነገረኝ የለም። ምሕረት በራሷ አካውንት ትሠራበታለች። ሲስተር አስቴር ጠዋት ጠዋት ስክሪኑን አይተው ይደውሉልኛል፣ «ነጥቧ አለች» ይሉኛል፣ «ጥሩ ነው ሲስተር» እላለሁ፣ በቃ ሌላ አናወራም።

ባለፈው ሳምንት ግን ጠዋት ሳይደውሉ ቀሩ፣ ሊመሽ ሲል ስልኬ ጮኸ፣ ስማቸውን አየሁ። ጠርቶ ጠርቶ እስኪያቆም ድረስ ይዤው ቆምኩ። ደግመው አልደወሉም፣ እኔም እስካሁን አልደወልኩም።