የጋሼ ሃብተማርያም ወንበር ቁመት

የሮም ሰፈር ፒኜቶ ከተቆረቆረ ጀምሮ እንደዚያ ጠዋት ያለ ክርፋት አልሸተተውም። የስደተኞች ጉዳይ አስፈጻሚው ድንክዬው ጋሼ ሃብተማርያም ቢሯቸው ወለል ላይ፣ በትውከታቸው መሃል ሞተው ተዘርረዋል። ኮምፒውተራቸው ላይ «ጽዮን የሰጠችኝ ሻይ አንጀቴን ቆራረጠው» የሚል ተጽፏል።

የሮም ወንጀለኛ ሁሉ ስሟን ሲሰማ ሽንቱን የሚለቅላት መርማሪ ወርቅውሃ፣ አፍንጫዋን በሻርፕ ሸፍና ገባች።

ጸሐፊዋ ጽዮን እግሯ ሥር ተደፋች። «ሻዩን አፈላሁ እንጂ መርዝ አላውቅም! ከከሰሱኝ የመኖሪያ ፈቃዴን፣ ፔርሜሶዬን ነው የሚነጥቁኝ፣ እትዬ!»

«አሎራ፣ እሺ፣ ከዚያ በኋላ ማን ነበር?»

«እኔ ፖስታ ቤት ሄድኩ። እነሱ ቀሩ።»

እነሱ የተባሉት አስተርጓሚው ሸዋንግዛውና የጋሼ ምክትል ሙላው ናቸው፤ ሁለቱም ጣሪያ የሚነካኩ ረጃጅሞች።

«ጠረጴዛውን ማን ገጠመው?» አለች ወርቅውሃ።

«እኔ ነኛ!» አለ ሙላው። «እግር ወለል ይርገጥ፣ ክርን እንደ ማዕዘን ይታጠፍ፣ ዓይን ከስክሪኑ አናት እኩል ይሁን። ትናንት በጋሼ ልክ አስተካከልኩላቸው። ይሄ ሸዋንግዛው ግን አይማርም፤ ተጣጥፎ ነው የሚጽፈው።»

«ሽንት ቤቱንም አስተካክልልና!» አለ ሸዋንግዛው።

ወርቅውሃ ሟቹ ኪቦርዱ አጠገብ የከመሩትን የጥፍር ቁራጭ አይታ ፊቷን አጨማደደች። ወንበሩን ግን ደጋግማ አየችው።

«ሁላችሁም ኑ። ጽዮን፣ ተቀመጪበት።»

የጽዮን እግሮች ተንጠለጠሉ።

«ጋሼ ካንቺም ያጥራሉ። ስለዚህ ሌላ ሰው ወንበሩን ከፍ አድርጎ ነው ይህን የጻፈው። ሸዋንግዛው!»

ሸዋንግዛው ተቀምጦ እንደ ልማዱ ኪቦርዱ ላይ ተደፋ።

«ይሄ ባገኘው ላይ ይጎብጣል እንጂ ምንም አያስተካክልም። ሙላው፣ ያንተ ተራ።»

«ይቀፈኛል፣ እትዬ።»

«ቁጭ በል!»

ተቀመጠ። እግሩ ወለሉን ረገጠ፣ ክርኑ ማዕዘን ሠራ፣ ዓይኑ ከስክሪኑ አናት እኩል ሆነ። አንድም ነገር መንካት አላስፈለገውም።

«ጽዮን ስትወጣ ሻዩን መርዘህ፣ ሰውዬው እግርህ ሥር እያጣጣሩ ወንበሩን፣ ጠረጴዛውንና ስክሪኑን በልክህ አደረግህ» አለች ወርቅውሃ። «ልማድህ ነዋ! ተጣጥፈህ ብትጽፍ ኖሮ ይቺ ልጅ እስር ቤት ትገባ ነበር።»

«ለምን እገድላቸዋለሁ?»

«ለምን?» ሸዋንግዛው አንባረቀ። «ከካስቴልኑቮ ዲ ፖርቶ መጠለያ የሚመጡትን ስደተኛ ሴቶች ቤትህ ካላደሩ ዶክመንታቸውን እንደማትሠራ ጋሼ ሰምተዋል! ዛሬ ሊከሱህ ነበር!»

ጽዮን የሙላው ጫማ ጫፍ ላይ ተፋችበት።

«ተነስ» አለችው ወርቅውሃ ካቴናውን እያወጣች። «ነገ ወንበሩ ላይ ሌላ ሰው ይቀመጥበታል።»